የምርምር ማጭበርበር አቤቱታ እንድታጣሩ ስትመደቡ፦ ከምን ይጀመራል?

«ኮሚቴ ውስጥ አስገብተውኛል። የአንድ ሰው ጥናት ላይ አቤቱታ መጥቷል። ከምን ልጀምር?» ይህ ስልክ በተደጋጋሚ ይደወልልኛል። ደዋዮቹ አብዛኞቹ እዚሁ ጎንደር የሚያስተምሩ ናቸው። አንዱ ማራኪ፣ ሌላው ፋሲል ግቢ፣ ሌላው ሕክምናው ጋ። ጥያቄው ግን አንድ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምተርክ ብዬ ቅደም ተከተሉን ጻፍኩት።

የዩኒቨርሲቲያችሁ መመሪያ ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል። በቀን ብዛትም ሆነ በፈራሚ ከተለያየን መመሪያውን ያዙ። እኔ የምነግራችሁ መመሪያ ላይ የማይጻፈውን ነው።

ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- አቤቱታው ራሱ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን የተሰጠው
- የጸደቀው የጥናት ዕቅድ («ፕሮቶኮሉ») እና የስነ ምግባር ፈቃዱ ደብዳቤ (ሁላችንም «ክሊራንስ» የምንለው)። ከተመራማሪው ሳይሆን ከሰጠው ቢሮ ውሰዱ
- ሁለት አዲስ ሃርድ ዲስክ። የተማሪ ፍላሽ አይሆንም፤ ቫይረሱ ማስረጃችሁን ይበላዋል
- ትልልቅ ፖስታዎች፣ ሰፊ ፕላስተርና የማይለቅ ማርከር
- የርክክብ ቅጽ፣ በሦስት ኮፒ
- ገጹ የተቆጠረ ደብተር። ልቅ ወረቀት አይሆንም፤ ገጽ ወጣ ገባ ሲል ማንም አያምናችሁም
- ቁልፍ ያለው ካቢኔት፣ ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ብቻ የሆነ
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን መቀየሪያ። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 5 ላይ ታዩታላችሁ

1. አቤቱታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ሥራው ውሸት ነው» አቤቱታ አይደለም። «ሠንጠረዥ 3 ላይ 312 ሰው ተብሏል፣ የተሞላው መጠይቅ ግን 190 ነው» አቤቱታ ነው። ማን፣ ምን አደረገ፣ በየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ገጽ? ይህ ካልተለየ ማጣራቱ የሰውዬውን ሙሉ ሕይወት ወደ መበርበር ይሄዳል።

ከዚያ ጉዳዩ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ለዩ፦ ያልነበረ መረጃ መፍጠር፣ የነበረውን ማዛባት (ያልተመቸውን እያወቁ መጣልም እዚህ ይገባል)፣ ወይም የሰው ሥራ ምንጭ ሳይጠቅሱ የራስ ማድረግ። በቅንነት የተሠራ ስህተትና የሙያ አስተያየት ልዩነት ከሦስቱም ውጭ ናቸው። «ስሜ ሁለተኛ መሆን ሲገባው አራተኛ ሆነ»፣ «አበሌን ከለከለኝ» የሚሉት ደግሞ ሌላ በር አላቸው። ወደሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ ምሯቸው፤ ዝም ብላችሁ አታስቀሯቸው።

ስም የሌለው አቤቱታ ቢመጣስ? ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ከያዘ ተቀበሉት። ከላይ ያለው የ312 እና የ190 ነገር ማን እንደጻፈው ሳይታወቅም ይቆጠራል።

2. ዝምድናችሁን ተናዘዙ

ጎንደር ትልቅ ከተማ ነው ቢባልም ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ስለዚህ «የጥቅም ግጭት አለብህ?» ብሎ መጠየቅ አይሠራም፤ ሁሉም «የለብኝም» ይላል። ዘርዝራችሁ ጠይቁ። አብራችሁ ጽሑፍ አሳትማችኋል? አማካሪህ ነበር? አንድ ዕድር ናችሁ? ማኅበር ትጠጣላችሁ? ክርስትና አንስተህለታል? አማች ናችሁ? ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ተወዳድራችኋል? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጠብም እንደ ዝምድና ሚዛን ያጋድላል።

መልሱን ሁሉም አባል በጽሑፍ ይፈርምበት። ዕድር ብቻውን ከኮሚቴ ላያስወጣ ይችላል። ተደብቆ ቆይቶ በመጨረሻ ከወጣ ግን ሪፖርቱን በሙሉ ይጥለዋል።

3. መረጃውን ያዙ፣ ከዚያ ተናገሩ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ። አቤቱታ የቀረበበት ሰው የሚያውቅበት ሰዓትና ሰነዱ በእጃችሁ የሚገባበት ሰዓት አንድ መሆን አለበት። «ሰኞ እንመጣለን» ተብሎ ቅዳሜና እሁድ በመሀል ካለፈ፣ ንጹሑም ሰው ቢሆን ደንግጦ ፋይሉን «ያስተካክላል»። ከዚያ በኋላ ንጽሕናውን ማረጋገጥ እንኳ አትችሉም።

ዓርብ ከሰዓት አትጀምሩ። ቁልፍ ያዡ ወጥቷል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቢሮው ሳይታሸግ ያድራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱ። አንድ የኮሚቴ አባል፣ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያና አንድ የትምህርት ክፍሉ ተወካይ ይኑሩ። ደብዳቤውን ለባለቤቱ ስጡት፣ ቁጭ ብሎ ያንብበው፣ ከዚያ እሱ ባለበት ሰብስቡ።

የሚሰበሰበው፦ የተሞሉ መጠይቆች፣ የስምምነት ቅጾች፣ የላብራቶሪ ደብተር፣ ጥሬው የመረጃ ፋይል፣ የትንተና ፋይሉ፣ መረጃ የተሰበሰበባቸው ታብሌቶች፣ የመረጃ ሰብሳቢዎች የአበል መክፈያና የመኪና ስምሪት። ስምሪቱን አትናቁት። «ደባት ሄደን ሰበሰብን» ያለ ቡድን መኪናው ያን ቀን አዘዞ ጋራዥ ቆሞ ከነበረ፣ መጠየቅ ያለበት ነገር አለ።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው፦

ሀ. ፋይሉን በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱት። ከፍታችሁ ሴቭ ካደረጋችሁ መጨረሻ የተቀየረበት ቀን የእናንተ ቀን ይሆናል። ሳትከፍቱ ገልብጡ።

ለ. ሁለት ኮፒ አውጡ። አንደኛው ይታሸጋል፤ ዳግመኛ የሚከፈተው በቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። የምትሠሩት በሁለተኛው ነው።

ሐ. የፋይሉን አሻራ መዝግቡ። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣል። ፋይሉ ውስጥ አንዲት ቁጥር ከተቀየረች መለያው ሌላ ይሆናል። የኮምፒውተር ባለሙያው በደቂቃ ያወጣላችኋል። በርክክብ ቅጹ ላይ ጻፉትና ሁላችሁም ፈርሙበት። ነገ «ፋይሌን ቀየራችሁት» ቢባል መልሱ እዚያ ተጽፏል።

መ. ወረቀቱን ቆጥራችሁ ፖስታ ውስጥ አሽጉ። መጋጠሚያው ላይ ባለቤቱም እናንተም ፈርሙ። «አንድ ካርቶን መጠይቅ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «187 መጠይቅ፣ ከቁጥር 001 እስከ 190፣ 044፣ 091 እና 132 የሉም» በሉ።

ሠ. ባለቤቱ ሥራው እንዳይቆም ኮፒ ይሰጠው። መረጃው ስለተያዘ አጥፍቷል ማለት እንዳልሆነም በቃልም በደብዳቤም ንገሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ የታካሚ ስም ያለበት ሰነድ በቴሌግራም አይላክም። በፎቶም፣ «ለአንተ ብቻ» ተብሎም አይላክም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ኮሚቴ ስለሆናችሁ አያልፋችሁም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ጥናቱ ገና እየተሠራ ከሆነና ታካሚ ላይ አደጋ ሊያደርስ የሚችል ነገር ካያችሁ፣ ማጣራቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ለስነ ምግባር ገምጋሚው ኮሚቴ አሳውቁ።

4. አፋችሁን ዝጉ፣ ጠቋሚውን ጠብቁ

ፒያሳ ማኪያቶ ላይ የተወራ ነገር ማራኪ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የጠቋሚውን ስም ከሚያስፈልገው ሰው በቀር ማንም አይወቅ። ብዙ ጊዜ ጠቋሚው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ አቤቱታ የቀረበበት ደግሞ አማካሪው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሌላ አማካሪ እንዲመደብለት ጠይቁ። አዋጅ 699/2003 ይጠብቀዋል ብላችሁ አትተማመኑ። እሱ የወንጀል ጠቋሚዎችንና ምስክሮችን የሚመለከት ነው። የእናንተ ጉዳይ ወንጀል ላይሆን ይችላል።

ሽማግሌ ይመጣል። እርግጠኛ ሁኑ፣ ይመጣል። «ልጆቹ ታርቀዋል፣ ፋይሉን ዝጉት» ይላል። በአክብሮት ተቀበሉት፣ ቡና ጋብዙት፣ ማጣራቱን ግን ቀጥሉ። ጠቋሚው ይቅር ያለው የራሱን ቅሬታ ነው። ሠንጠረዥ 3 ላይ ያሉት ሰዎች ከእርቅ በኋላም ወይ አሉ፣ ወይ የሉም።

5. ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር አስተያዩ

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ከመጠይቆቹ 30 ያህሉን በዕጣ አውጡ። «ይሄ ይጠራጠራል» ብላችሁ አትምረጡ፤ ዕጣ ካልሆነ ያያችሁት የሁሉንም አያሳይም። አንዱ ከወረቀቱ ያንብብ፣ ሌላው ፋይሉ ላይ ይከተል። ልዩነት ባገኛችሁ ቁጥር ጻፉ፣ አትተርጉሙ።

የእኛ አገር መረጃ የሚያሳስትባቸው ነገሮች አሉ። ውጭ አገር የተጻፉት ማኑዋሎች አይነግሯችሁም።

ቀን። ወረቀቱ ላይ 7/6/2015 ተጽፏል። ሰብሳቢዋ የካቲት 7 ቀን 2015 ማለቷ ነው፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2023። ኤክሴል ግን እንደ ቅንብሩ ጁን 7 ወይም ጁላይ 6 ቀን 2015 አድርጎ ያነበዋል። እናንተ ፋይሉን ስታዩ «ክሊራንስ ከመገኘቱ ከሰባት ዓመት በፊት የተሰበሰበ መረጃ!» ብላችሁ ልትነሡ ትችላላችሁ። ተቀመጡ። ቀን መቀየሪያው ለዚህ ነው።

ሰዓት። ለአንድ ቃለ መጠይቅ ሦስት የተለያየ ሰዓት ሊመዘገብ ይችላል። ወረቀቱ ላይ 2:40፣ ታብሌቱ ላይ 8:40፣ በግሪንዊች ሰዓት የሚመዘግበው ሰርቨር ላይ 5:40። ሦስቱም እውነት ናቸው።

የተላከበት ጊዜ። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ የተሞላ ፎርም ታብሌቱ ውስጥ ይቆይና ከተማ ሲገባ ባንዴ ይላካል። 60 ፎርም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰርቨር ቢደርስ ምንም አያሳይም። ማየት ያለባችሁ እያንዳንዱ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ነው።

ዕድሜ። ገጠር ውስጥ ዕድሜ ስትጠይቁ 30፣ 35፣ 40፣ 45 ይበዛል። ሰው ይገምታል። ይህ ክምችት የተለመደ ነው። እኔን የሚያስጠረጥረኝ ተቃራኒው ነው፦ ከገጠር የመጣ የ500 አዋቂ ዕድሜ እንደ ልደት ካርድ 31፣ 37፣ 42 እያለ እኩል ሲሰራጭ።

የደም ግፊት። በእጅ የሚነፋው መለኪያ ምልክቶቹ በሁለት በሁለት ናቸው። ዘዴው «በእጅ መለኪያ» ካለና ፋይሉ በ117፣ 123፣ 131 ከተሞላ፣ ጎዶሎ ቁጥሩ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ዲጂታል ከነበረ ችግር የለውም።

መቶኛ። ካልኩሌተር ይበቃል። ከ45 ሰው 23.1 በመቶ የሚባል ነገር የለም፤ 10 ሰው 22.2 ነው፣ 11 ሰው 24.4። አማካይም እንዲሁ ነው። መልሶች ሙሉ ቁጥር ከሆኑና 20 ሰው ብቻ ካለ 3.48 ሊመጣ አይችልም፤ 3.45 ወይም 3.50 ነው። እንዲህ በሁለት አሃዝ ለተጻፈ አማካይ ግን ከ100 ሰው በላይ ሲሆን ይህ ዘዴ ጉልበት ያጣል። አንድ እንዲህ ያለ ቁጥር የትየባ ስህተት ሊሆን ይችላል። አሥራ አምስት ሲሆኑ ግን ጥያቄ ይሆናሉ።

አንድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፋይሉ ላይ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ጥር 11 ቀን እዚህ ከተማ ውስጥ ቤት ለቤት 41 ሰው አነጋግሯል። ጥምቀት ነው። ከተማው ግማሹ ፋሲለደስ መዋኛ፣ ግማሹ መንገድ ላይ። ያም ሆኖ አልፈረድንም፤ ጥምቀት የማያከብር ቤትም አለ። የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት አየን። 25 ደቂቃ የሚፈጀው መጠይቅ በአማካይ 4 ደቂቃ ወስዷል። 41ዱም ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አልቀዋል። የጂፒኤስ ነጥቡም ለሁሉም አንድ ቤት ነው። ልጁን ስንጠራው አልካደም። «ጋሼ፣ አበሉ የሚከፈለው በመጠይቅ ቁጥር ነበር» አለ። አቤቱታው የቀረበው ግን በተመራማሪዋ ላይ ነበር፤ እሷ ደግሞ አላወቀችም። መረጃው የፈጠራ ነው፣ ፈጣሪዋ ግን እሷ አይደለችም። ሁለቱን ለይተን ጻፍን፤ የክትትል ጉድለቷንም ሳንደብቅ።

6. የምስስል ሪፖርቱን እንደ ፍርድ አታንብቡት

ጽሑፉ ከሌሎች ሥራዎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚለካው ሶፍትዌር «38 በመቶ» ብሎ ቀይ ሲቀባ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ማጣቀሻ ዝርዝሩን፣ የርዕስ ገጹንና የመጠይቁን ጥያቄዎች አውጡና እንደገና አስሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀይ አንቀጽ ከምንጩ ጎን አስቀምጣችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። የዘዴ ክፍል ውስጥ የተደጋገመ የናሙና ቀመርና ከሰው የተወሰደ የውይይት ክፍል ክብደታቸው አይገናኝም።

አማርኛ ከሆነ ይብሳል። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው ለእኛ ያው ነው፣ ለማሽኑ ግን ሌላ ቃል ነው። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተተረጎመ ምዕራፍም ዜሮ በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ዝቅተኛ ቁጥር ነጻ አያወጣም፣ ከፍተኛ ቁጥርም አያስከስስም።

7. ሰዎቹን አነጋግሩ

ሰነዱን ሳትጨርሱ ማንንም አትጥሩ፤ ምን እንደምትጠይቁ አታውቁም። ቅደም ተከተሉ፦ ጠቋሚው፣ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ ተባባሪ ተመራማሪዎች፣ መጨረሻ ላይ አቤቱታ የቀረበበት ሰው። እሱ መጨረሻ የሚሆነው ማስረጃውን በሙሉ አይቶ እንዲመልስ ነው። አጋር ይዞ መምጣት ከፈለገ መመሪያው የሚፈቅደውን አትከልክሉት።

አንድ በአንድ አነጋግሩ። በአማርኛ ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም የተናገሩትን በአማርኛ ይያዝ። «መረጃውን ፈጥረሃል?» አትበሉ። «ቁጥር 058 እንዴት እንደተሞላ ከጠዋቱ ጀምረህ ንገረኝ» በሉ። የሠራ ሰው ውሻው እንዳባረረው፣ እናትየዋ እንጀራ ላይ እንደነበረች ይነግራችኋል። ያልሠራ ሰው «እንደ ፕሮቶኮሉ» ይላል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ዝርዝር የማይወጣለት ሐቀኛም አለ።

ሲያበቃ ጽሑፉን ያንብብ፣ ያርም፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ይፈርም።

8. መዝኑ

ለእያንዳንዱ ክስ ለየብቻ ሦስት ጥያቄ መልሱ። ተደርጓል ወይ? በሙያው ከተለመደው አሠራር በግልጽ የወጣ ነው ወይ? አውቆ፣ አስቦ ወይም ግድ ሳይሰጠው ነው ወይስ ተሳስቶ? ሦስተኛው ሲሆን ብዙ ኮሚቴ ይሰንፋል። ማስረጃው ምን ያህል መክበድ እንዳለበት ከመመሪያችሁ አንብቡ። ለምሳሌ የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የማስረጃ ሚዛኑ ወደ አንዱ ማጋደሉ ይበቃል ይላል፤ የማስረዳት ሸክሙም የተቋሙ ነው። «ንጹሕ መሆኑን ያሳየን» ብላችሁ አትነሡ።

ለእያንዳንዱ ጥርጣሬ ንጹሕ ምክንያት ፈልጉ፤ ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም ጻፉ። የሪፖርታችሁ ጥንካሬ እዚያ ላይ ይታያል።

9. ሪፖርቱን ጻፉ

ክስ፣ የታየው ማስረጃ፣ የተሰጠው መልስ፣ ግኝት። በዚህ ቅደም ተከተል፣ ለእያንዳንዱ ክስ። ረቂቁን አቤቱታ ለቀረበበት ሰው ስጡና የጽሑፍ አስተያየቱን ሳትቆርጡ አያይዙ። ቅጣት አትጻፉ፤ እናንተ ፍሬ ነገሩን ታገኛላችሁ፣ የሚወስነው ሥልጣን ያለው አካል ነው። የታተመ ጽሑፍ ካለ ግን ለመጽሔቱ መነገር ያለበትን በግልጽ አስቀምጡ፦ ይታረም ወይስ ይሰረዝ፣ የትኛው ሠንጠረዥ፣ ለምን።

ተደጋግመው ያየኋቸው ስህተቶች

- ሰውዬውን «ለመነጋገር ያህል» አስቀድሞ ሻይ መጋበዝ። ሻዩ ሳያልቅ ፋይሉ ይቀየራል።
- የኮሚቴውን ጸሐፊ ከዚያው ትምህርት ክፍል መውሰድ። ስብሰባው ሳያልቅ ወሬው ኮሪደር ላይ ይቀድማችኋል።
- አዲስ ክስ መንገድ ላይ ሲገኝ ዝም ብሎ መጨመር። በደብዳቤ አሳውቁት፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም ስጡት።
- ባለሙያ ሳይኖር የላብራቶሪ ምስል መመርመር። የጄል ምስል ላይ ያለ ጥላ ሁሉ ቅጥፈት አይደለም።
- ሰውዬው ሥራ ለቀቀ ብሎ ፋይሉን መዝጋት። ጽሑፉ አልለቀቀም፣ ሐኪሞች እያነበቡት ነው።

10. መዝጊያ

ክሱ ካልጸና፣ የሰውዬው ስም የተነሣበት ቢሮ ሁሉ እንዳልጸና በደብዳቤ ይወቅ። ወሬው እንደደረሰው ሁሉ ደብዳቤውም ይድረሰው። ጠቋሚው በቅንነት ከተናገረ ክሱ ባይጸናም አይነካም፤ ይህም በጽሑፍ ይሁን። የተያዘውን ወረቀት በዚያው የርክክብ ቅጽ፣ እየቆጠራችሁ መልሱ። የታሸገው ሃርድ ዲስክ ግን መመሪያው እስከሚለው ዓመት መዝገብ ቤት ይቆያል፤ የካቢኔቱንም ቁልፍ አስፈርማችሁ አስረክቡ።